ከማቀፊያው ቆዳ ሥር

ደብረ ታቦር
ኅዳር 16 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለካፒቴን ተስፋነህ፣

ማቀፊያውን ከአውሮፕላኑ የፈታሁት እኔ ነኝ። አሁንም እኔው ቤት ነው ያለው።

ሰላምታዬን ከዚህ በኋላ ያመጣሁት ክብርዎን ዘንግቼ አይደለም። ከአሁን በፊት ልጽፍልዎ እየጀመርሁ፣ እግርዎን እየጠየቅሁ፣ ልጅዎን እየጠየቅሁ፣ ስለ ገብሱ አዝመራ እያወራሁ ወረቀቱ ያልቅብኝ ነበር። እውነቱን ልናገርና ሲያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ አስቀድሜ ጻፍሁት። እንግዲህ እንደምን ከረሙ? ጀሶው ወጣልዎ? በሁለት እግርዎ ቆመው ቤተ ክርስቲያን ሳሙ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አውሮፕላንዎም ከእብናት በጭነት መኪና ከመጣች ወዲህ ከሜዳው ዳር ሸራ ለብሳ ቁማለች። የሚያልፈው ሁሉ «ይሻው፣ በቅሎህ ዛሬም አልተነሣች?» ይለኛል። ኮርቻ ሰፊ የነበረ ሰው የአውሮፕላን ዘበኛ ሲሆን የማይስቅበት የለም።

ስለ ማቀፊያው ለጠየቁኝ ልመልስ። መልሱ ከሥሩ ካልተነሣ አይገባምና ይታገሡኝ።

ያ ጂፒኤስ የሚሉት መሣሪያ መጀመሪያ በላስቲክ ነበር የታሰረ። ከጉና በላይ ነፋሱ ሲያንገላታዎ ተፈትቶ ከፔዳሉ ሥር ገባ። በአንድ እጅ መሪ ይዘው፣ አጎንብሰው በሌላው ሲፈልጉት ተራራው ፊትዎ ላይ ደርሶ እንደነበር ወርደው ነገሩኝ። ፊትዎ አመድ መስሎ ነበር። «አያ ይሻው፣ ኮርቻ እንዳይዞር የሚያስሩ ሰው ይህችን የእጅ ሬዲዮ የምታክል ነገር ማሰር ያቅትዎታል?» አሉኝ። «በቅሎ ብትሆን ከጭራዋ ሥር አሳልፌ አስርልዎ ነበር፤ የእርስዎይቱ ጭራዋ ራቀብኝ» አልሁዎ። ሳቅዎ መጣ።

ከዚያ ማቀፊያ ልንሠራለት ተስማማንና አስተማሩኝ። ዓይንዎን እንዳይጋርድ ዝቅ ይበል፤ ሰማይ እንዲያይ ወደ መስታወቱ ይጠጋ፤ ሽቦው ከመሪው እንዳይጠላለፍ በጎን ይሂድ፤ ብሎኑ በንቅናቄ ብዛት እንዳይላላ ከኋላው ሌላ ማጥበቂያ ይኑረው። ከሁሉም አስበልጠው ያሉኝ ግን «ብረት የሚባል እንዳይገባበት፤ ኮምፓሱ ቅርብ ነው፣ ብረት ያሳስተዋል» ነው። ሰሌዳውን ከአሉሚኒየም ቆረጥሁ። ብሎኑን የናስ ከባሕር ዳር ይዘውልኝ መጡ። ሁለታችን ሁነን አሰርነው። በሁለት እጄ ይዤ ብነቀንቀው አውሮፕላኗ ተወዛወዘች እንጂ እሱ አልነቃነቅ አለ። ኮምፓሱም ከቦታው ዝንፍ አላለም።

ቆዳውን ያለበስሁት በኋላ ነው፤ የዚያ በረራ ዋዜማ። መሣሪያው ከአሉሚኒየሙ ጋር እንዳይፋተግ ብዬ የለፋ የፍየል ቆዳ አለበስሁት። በቆዳውና በሰሌዳው መካከልም የፈንታነሽን መስቀል አስገብቼ ሰፋሁበት።

ባለቤቴን አይረሷትም። ታማ በተኛች ጊዜ መድኃኒቷን ከባሕር ዳር በዚያች አውሮፕላን ያመጡላት እርስዎ ነዎት። አልተረፈችም፤ መድኃኒቱ ግን እጇ ገብቷል። «ይኼን ሰው ምን ይጠብቀዋል፣ እንዲህ ከደመና ላይ ብቻውን?» ትለኝ ነበር። መስቀሉ ከአባቷ የወረሰችው ነው፤ መዳፍ የሚያክል፣ ከራስጌዋ የማይለይ። የብረት መስቀል ነው፣ ካፒቴን። ብረት አይግባ ሲሉኝ ሚስማር አሰብሁ፣ ሽቦ አሰብሁ። መስቀሉን ብረት ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። መርፌውን እየሰደድሁ እንኳ አልመጣልኝም። ሳልነግርዎ የቀረሁት ይስቁብኛል ብዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ያውቁታል። ከጋይንት ሲመለሱ ደመናው ጋረደዎ፣ የጂፒኤሱ ባትሪ ሞተ፣ ኮምፓሱን አምነው መጡ፣ እብናት ከታረሰ ማሳ ላይ ወረዱ። እኔ ከሰዎች ጋር ስደርስ በቃሬዛ ሊያነሡዎ ነበር። እጄን ያዝ አደረጉና «ኮምፓሱ ዋሸኝ፣ አያ ይሻው» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው መስቀሉ ብረት መሆኑ የገባኝ።

እርስዎን ተሸክመው ሲሄዱ እኔ ቀረሁ። ዘበኛ ነው፣ ዕቃ ይጠብቃል ብለው አመኑኝ። ካቻቢቴ በኪሴ ነበር። ማቀፊያውን ፈታሁትና በጋቢዬ ሥር ይዤው ቤቴ ገባሁ። መርማሪዎቹ ሲመጡ ኮምፓሱን ያለ ማቀፊያው አገኙት፤ ያለ ማቀፊያው ደግሞ ትክክል ነው። «ካፒቴኑ ተዘናግቶ ነው» ብለው ጻፉ፤ ከበረራም አገዱዎት።

መስቀሉን ማስገባቴን አለማወቅ ነው እላለሁ። ማቀፊያውን መውሰዴን ግን ሌላ ስም ላወጣለት ሞክሬ አልሆነልኝም።

ይሻው

---

ቢሾፍቱ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለአያ ይሻው፣

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሰንብቷል። የዘገየሁት እግሬን አሞኝ አይደለም፤ ጀሶውም ወጥቷል። መጀመሪያ የጻፍሁልዎትን ቀድጄ ጣልሁት። ሁለተኛውን ባለቤቴ አንብባ «ይህን ለሽማግሌ አትልክም» ብላ ወሰደችብኝ።

ምን እንዳደረጉኝ ያውቃሉ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን አላምነውም። ኮምፓሱ ላይ ያየሁትን ቁጥር እኮ አስታውሰዋለሁ። ትክክለኛው ቁጥር ነበር፤ ይዤው ነው የመጣሁት። መርማሪዎቹ ግን ኮምፓሱ ደኅና ነው ሲሉኝ፣ እንግዲያው ያላየሁትን አይቻለሁ ማለት ነው ብዬ ተቀበልሁ። መኪና መንዳት ተውሁ። ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ መንገድ ስሻገር ሁለት ጊዜ ግራና ቀኝ አያለሁ፤ እሷም ትጠብቀኛለች። እርስዎ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ያውቁ ነበር።

ይህን ካልሁ በኋላ የራሴንም ልናገር፤ አለዚያ እኔም ደባቂ ልሆን ነው። አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት ኮምፓሱ ከመንደርደሪያው አቅጣጫ ጋር መስማማቱን ማየት የአብራሪ ግዴታ ነው። ያን ቀን ጂፒኤሱ በአዲሱ ማቀፊያ ላይ አምሮ ሲበራ አየሁና ኮምፓሱን ቀና ብዬ አላየሁትም። አይቼው ቢሆን ኖሮ እዚያው ቆሜ «አያ ይሻው፣ ምን አስገቡበት?» እልዎት ነበር። ሁለታችንም እየሳቅን እናወጣው ነበር።

የምርመራ ኮሚቴው ከጥምቀት በኋላ አውሮፕላኗን ለመጨረሻ ጊዜ ሊያይ ደብረ ታቦር ይመጣል። ከዚያ ውሳኔው ይጸናል። እስከዚያ ማቀፊያውን እንዳይከፍቱት። በአውቶቡስ እንዳይልኩትም። ቄስዎን ያማክሩ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ሳያማክሩ እንደማይውሉ አውቃለሁ።

ከፍተውታል ወይ? እውነቱን ይጻፉልኝ።

ተስፋነህ

---

ደብረ ታቦር
ታኅሣሥ 24 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለካፒቴን ተስፋነህ፣

ባለቤትዎን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ያን የወሰደችውን ደብዳቤ ግን ብትልከው ይገባኝ ነበር።

አልከፈትሁትም። ወስፌውን ግን አንድ ቀን ከስፌቱ ላይ አሳርፌዋለሁ። አሳቤ ምን ነበር መሰለዎት? መስቀሉን ላወጣ፣ ቆዳውን መልሼ ልሰፋ፣ ከዚያ «ይኸው ማሳው ላይ ወድቆ አገኘሁት» ብዬ ለአውሮፕላን ጣቢያው ላስረክብ። ያለ መስቀሉ ኮምፓሱን አይነካውም። ዕቃው ተገኘ ይባላል፣ እኔ ታማኝ እባላለሁ፣ እርስዎ በነበሩበት ይቀራሉ። ይህን ሁሉ ያቀናበርሁት በበዓታ ማግስት፣ ቆርቤ የመጣሁ ሰው፣ ከደጃፌ ፀሐይ እየሞቅሁ ነው። ራሴን ፈራሁት። ማቀፊያውን ጠቅልዬ ከአሮጌ ኮርቻ ውስጥ ከተትሁት፤ ወስፌውን ለጎረቤት አዋስሁ።

ቄስ ሙላቴ ዘንድ ሄጃለሁ። የንስሐ አባታችን ጆሯቸው ከብዷል፤ ኃጢአትዎን በለሆሳስ መናገር አይችሉም። ከግቢው ዋርካ ሥር ተቀምጠን ግማሹ ደብር የሚሰማ መስሎኝ እየተሳቀቅሁ ነገርኋቸው።

«አባ፣ ሰው ምን ይላል? መስቀል አውሮፕላን ጣለ ሊሉ ነው።»

«መስቀሉን ማን ከሰሰው?» አሉ። «መስቀል ብረቱ ብረት ነው፤ ታቦት የሚወጣበት ጃንጥላም ዘንጉ እንጨት ነው። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ለምን ወሰድኸው?»

«ፈርቼ።»

«ማንን?»

 እውነት ማንን እንደፈራሁ አላውቀውም ነበር። እንጀራዬን ነው እንዳልል፣ ዘበኝነቱ ቢቀር ኮርቻው አለኝ። ሳስበው ፈንታነሽን ነው የፈራሁ። የሷን መስቀል አምጥቼ፣ በሷ ስም መልካም ሠራሁ ብዬ፣ ሰው ላስገድል ነበር። እንዲህ ከሆነ በሷ ስም የቀረኝ ምንድን ነው ብዬ ነው።

«ስግደት ስጡኝ አባ፣ ጾም ስጡኝ» አልኋቸው።

«ስግደቱን እሰጥሃለሁ፤ ጉልበትህ እስኪዝል ስገድ። ያ ሰው ግን በአንተ ስግደት ይበራል?»

ተነሥተው ወደ ቅኔ ማኅሌቱ ሄዱ። እንዳልተባረክሁ ትዝ ሲላቸው ከደጃፍ ተመልሰው መስቀል አሳለሙኝ። የሳቸው የእንጨት ነው፤ ያን ቀን አስተውዬ አየሁት።

ስለዚህ ኮሚቴው ይምጣ። እነግራቸዋለሁ። መንገሩን አልፈራሁም ብዬ አልዋሽዎትም፤ ግን እነግራቸዋለሁ። እስቲ አንድ ነገር ይጻፉልኝ፤ ማቀፊያውን በወረቀት ጠቅልዬ በእጃቸው ልስጥ ወይስ እንደነበረ ልሰረው?

ይሻው

---

ቢሾፍቱ
ጥር 6 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለአያ ይሻው፣

እንኳን ለጌታችን ልደት በሰላም አደረሰዎ።

ነገሩን ደጋግሜ አሰብሁበትና ይቅር እንድንለው ልጠይቅዎት ነው። ይቅርታውን ከልቤ አድርጌያለሁ፤ በቁጣ ስጽፍልዎት የነበረውን ይርሱት። የቀረውን ደግሞ እንተወው። ምክንያቱን ልንገርዎት።

አንደኛ፣ ማስረጃ ማንሣት በሕግ ያስጠይቃል። በዚህ ዕድሜዎ ጣቢያ ለጣቢያ ሲንከራተቱ ማየት አልፈልግም። ሁለተኛ፣ ያን ማቀፊያ ያሠራሁዎት እኔ ነኝ፣ ያለ ባለሙያ ፊርማ። ለዚያም እጠየቃለሁ። ደግሞ የማስተማር ሥራ ተሰጥቶኛል፤ በክፍል ውስጥ፣ በሰሌዳ፣ በጠመኔ። ውሳኔውን ተቀብዬ ከፈረምሁ በየካቲት እጀምራለሁ። ባለቤቴ ደስ ብሏታል፤ ማታ ማታ ሰማይ ማየት ተወች።

መስቀሉን ያውጡና ወደ ራስጌው ይመልሱት። የቀረውን ገደል ይክተቱት። እኔ እዚህ ደኅና ነኝ። የሥልጠና አውሮፕላኖቹ በቤታችን ላይ ሲያልፉ ብቻ ልጄ ሕይወት ቶሎ ብላ መስኮቱን ትዘጋልኛለች። ይህም ይለመዳል።

እርስዎም ይረፉ።

ተስፋነህ

---

ደብረ ታቦር
ጥር 30 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለካፒቴን ተስፋነህ፣

ይቅርታዎን ተቀብያለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምክርዎን ግን አልተቀበልሁም። ምክንያቱን ሁሉ ደርድረው ሲጨርሱ ስለ መስኮቱ ባይጽፉልኝ ኖሮ ምናልባት እሺ እል ነበር። ልጅ ለአባቷ መስኮት የምትዘጋለት እኔ ዝም ስላልሁ አይደለም? እንዴት አድርጌ ልረፍ?

የሜዳውን ቁልፍ አስረክቤያለሁ። ሰኞ ባሕር ዳር ቃሌን እንድሰጥ ተጠርቻለሁ፤ ቄስ ሙላቴ አብሬህ ካልሄድሁ ብለዋል። ጆሯቸው አይሰማም፣ ምን ያደርጉልኛል? ቢሆንም ደስ ብሎኛል። ይህን ያስቀደምሁት እንዳይሠጉ ብዬ ነው። የሆነውን አሁን ልንገርዎ።

ከኮሚቴው የመጡት ወይዘሮ ፍቅርተ የሚባሉ መርማሪ ናቸው፤ ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን በሹራብ ላይ ያጣፉ። ከሳቸው ጋር የጣቢያችን ኃላፊ አቶ ሞላ ነበሩ። ሸራውን ገፈፍሁ።

«በሩን ክፈትና ዞር በል» አሉኝ አቶ ሞላ።

«በሩን እከፍታለሁ። ዞር ግን አልልም» አልሁ።

«ምን አልህ?»

«እመቤቴ» አልኋቸው መርማሪዋን፣ «ከዚህ ውስጥ አንድ ዕቃ ጎድሏል። የወሰድሁት እኔ ነኝ። እንደነበረ ልሰረውና ይዩት።» ከጋቢዬ ሥር አወጣሁት።

አቶ ሞላ ሳቁ። «እትዬ ፍቅርተ፣ ይኼ ሰውዬ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ነው። በቅሎና አውሮፕላን ይቀላቀልበታል።»

«በቅሎ ብትሆን አቶ ሞላ ይህን ጊዜ ረግጣዎት ነበር» አልሁ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ወይዘሮ ፍቅርተ ፊታቸውን ወደ ክንፉ አዞሩ፤ ሲመለሱ ግን ኮስተር ብለው ነበር።

«ካፒቴኑ ልከውዎት ነው፣ አባቴ?»

«ካፒቴኑማ ተወው ብለውኛል።»

በእጃቸው ወደ በሩ አመለከቱ። «ይግቡ» አሉ።

ገባሁ፣ ካፒቴን፤ ከእርስዎ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ዘበኛ ሁኜ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን ተቀምጬበት አላውቅም። የድሮዎቹ ቀዳዳዎች እንዳሉ ነበሩ። ሰሌዳውን ገጠምሁ። የናሱን ብሎን አንድ በአንድ በጣቴ አስያዝሁ፤ ከዚያ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ከግራ አንዱን፣ ከቀኝ አንዱን እያፈራረቅሁ በካቻቢቴ አጠበቅሁ። ከኋላ ማጥበቂያውን አሰርሁ። ጨርሼ በሁለት እጄ ነቀነቅሁት፤ አልተነቃነቀም። እንደዚያ ጠንክሮ በመታሰሩ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንሁ፤ አንድ ብሎን ላልቶ ከጉና በፊት ወድቆ ቢሆን ኖሮ እርስዎ ባልተሰበሩ።

ወይዘሮ ፍቅርተ በትከሻዬ በኩል አጎንብሰው ኮምፓሱን ያያሉ። ቁጥሩ ተንሸራቶ ሂዷል፤ ለኔ በረራ ላልተማርሁት እንኳ የሚታይ ነው።

«ይፍቱት» አሉ። ፈታሁት። ተመለሰ።

«እንደገና ይሰሩት።» አሰርሁ። ሄደ።

አቶ ሞላ አሁን አይስቁም። ወይዘሮ ፍቅርተ ካርታ ዘርግተው ከጋይንት ወደ ደብረ ታቦር በእርሳስ አሰመሩ፤ ከዚያ ኮምፓሱ የሳተውን ያህል አዙረው ሌላ መስመር አሰመሩ። እርሳሱ የቆመው እብናት ነው።  እርሳሱን እዚያው እንደተከሉ ቆዩ።

«ውስጡ ምን አለ?» አሉኝ በመጨረሻ።

አማተብሁና ስፌቱን ተረተርሁት። መስቀሉን ሲያዩ ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። የማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ለምርመራው አዲስ አበባ መሄድ እንዳለበት፣ መቼ እንደሚመለስ ግን እንደማያውቁ ነገሩኝ። ተሳልሜ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ተሳልመው በንጹሕ መሐረብ ጠቀለሉት።

«እንግዲህ እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ እጽፋለሁ» አሉ።

«እኔው ብጽፈው አይሻልም? ዳዊት ደግሜ፣ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ» አልሁ።

ወረቀቱን ሰጡኝ። ከአውሮፕላኗ ክንፍ ላይ አስደግፌ፣ አቶ ሞላ በቆሙበት፣ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ። «ካፒቴን ተስፋነህ ኮምፓሱን በትክክል አንብቧል። ኮምፓሱን ያሳሳተው እኔ ሳልነግረው በማቀፊያው ውስጥ የሰፋሁት ብረት ነው። እሱ ከወደቀ በኋላም ማቀፊያውን ፈትቼ ከመርማሪዎች የደበቅሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።» ከሥሩ ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፍሁና ፈረምሁ።

ይሻው ደሞዜ